መቀናጆው ያልሰመረ ኮምፒውተር፦ የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ጥምረት ከቢቸናና ከሞጣ ሲታይ

በምሥራቅ ጎጃም አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ የእርሻ ወቅት ሳይደርስ፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ሲፈለግ ዋናው ጥያቄ የማን በሬ ይበልጥ ይበረታል የሚለው ሳይሆን፣ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ሥር ተጣጥመው ይራመዳሉ ወይ የሚለው ነው። ብርቱው ከደካማው ጋር ሲጠመድ ጥማዱ የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው፤ የብርቱው ትርፍ ጉልበት ትልም አያወጣም። ይህን ነገር ከእረኝነቱ ጀምሮ የሚያውቅ የቢቸና ወይም የሞጣ ወጣት፣ ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘቡን ቋጥሮ ሲነሣ ግን ጥያቄው ይለወጣል። “ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?” ይላል፤ ሻጩ ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ግዢው በዚያው ያልቃል። ስለ መቀናጆው የሚያነሣ አይገኝም።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ነውና ለምርምር መጽሔት ይቀልላል የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ኮምፒውተሩ የሚገዛው በወራት፣ አንዳንዴም በዓመት ቁጠባ ነው። ያው ኮምፒውተር ማታ ጨዋታ ቢጫወቱበትም ቀን የሠርግ ቪዲዮ ይቀናበርበታል፣ የምህንድስና ተማሪው ንድፍ ይነደፍበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ተገቢ ያልሆነ ካርድ የገዛ ሰው ስሕተቱን በቀላሉ የሚያርምበት ዘመን አብሮ ሄዷል።

ስለ ጥምረቱ ለመናገር በመጀመሪያ የሚለካው ነገር መታወቅ አለበት። በስክሪን ላይ እንቅስቃሴ መስሎ የሚታየው፣ በፍጥነት የሚፈራረቁ ቋሚ ሥዕሎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩ አንዱን ሥዕል በ33.3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማድረስ ይጠበቅበታል፤ ለ60 ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ፣ ለ144 ፍሬም ደግሞ 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ይኖረዋል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደደረሰች፣ ተከላካዩ ወዴት እንደሚዞር፣ መኪናው ከግንቡ ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን ያሰላና ምን ምን መሣል እንዳለበት ለካርዱ ትእዛዝ ያዘጋጃል። ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ የእያንዳንዷን ነጥብ ቀለም ይወስናል። 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ እነዚህ ነጥቦች 2,073,600 ናቸው።

እዚህ ላይ የበሬው ምሳሌ ያነክሳል። ሁለት በሬዎች አንድን ሞፈር በአንድ ጊዜ ይስባሉ፤ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ግን ይቀባበላሉ እንጂ አንዱን ሥራ አብረው አይጎትቱም። የሚቀርበው የፈታይና የሸማኔ ምሳሌ ነው። ሸማኔው በእጁ ያለውን ፈትል ሲሠራ፣ ፈታይዋ ለሚቀጥለው ጋቢ የሚሆነውን ታዘጋጃለች። በወር የሚወጣው የጋቢ ቁጥር የሚወሰነው ከሁለቱ በዘገየው ነው። ፈትል ካልደረሰ፣ ሸማኔው የቱን ያህል ባለ እጅ ቢሆን ተቀምጦ ይጠብቃል። ፈትሉ ተከምሮ ሸማኔው ካልደረሰበትም ሌላ ፈታይ መጨመር አንድም ጋቢ አያተርፍም።

ነገሩ በቁጥር ሲቀመጥ ይበልጥ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የአንድ ፍሬም ድርሻውን በ12 ሚሊሰከንድ፣ ካርዱ ደግሞ በ40 ሚሊሰከንድ የሚጨርሱ ይሁኑ። ውጤቱ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ካርዱ በእጥፍ በሚፈጥን ሌላ ካርድ ቢተካ 40ው ወደ 20 ይወርዳል፤ ፍሬሙም ወደ 50 ያድጋል፤ ገዢው የከፈለውን ሁሉ አግኝቷል። እንደገና በእጥፍ የሚፈጥን ካርድ ቢገባ የካርዱ ድርሻ 10 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ፍሬሙ ግን 100 አይሆንም። የፕሮሰሰሩ 12 ሚሊሰከንድ ገደብ ሆኖ በ83 ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ የዓለም ምርጥ ካርድ ቢገዛ ያው 83 ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ከ60 በላይ ያለው ለዓይን እምብዛም አይደርስም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚማረው፣ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሕግ መንፈሱ ይኸው ነው፤ አንዱን ክፍል ብቻ በማፋጠን የሚገኘው ትርፍ ባልተፋጠነው ክፍል ይገደባል።

ለዚህ የሚሆነው ምርጥ ማስረጃ በቤተ ሙከራ ሳይሆን በአገሪቱ ከተሞች በየሰፈሩ በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በ1.6 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ 8 ደካማ የፕሮሰሰር ኮሮችንና በሰከንድ 1.84 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ የግራፊክስ ክፍል ይዞ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ የተባለውን ሲያወጣ የግራፊክሱን አቅም ወደ 4.2 ትሪሊዮን፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ አሳደገው። ፕሮሰሰሩን ግን ዓይነቱን ሳይለውጥ ወደ 2.1 ጊጋኸርዝ ብቻ ከፍ አደረገው። የሆነውም የሚጠበቀው ነው፤ በርካታ ጨዋታዎች በአዲሱ መሣሪያ ላይ ሥዕላቸው ጠራ፣ ዝርዝራቸው በዛ፣ ፍሬማቸው ግን እዚያው 30 ላይ ቆመ። ሸማኔው ተለወጠ እንጂ ፈታይዋ ያችው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ፈጽሞ የተለየ ትውልድ ፕሮሰሰር ይዞ ሲመጣ ነው 60 ፍሬም የተለመደ ነገር የሆነው። ድርሻው የፕሮሰሰሩ ብቻ ባይሆንም፣ ያለ እርሱ የግራፊክሱ እድገት ብቻውን ያን በር እንዳልከፈተ የፕሮ ታሪክ ይመሰክራል።

ከዚሁ መሣሪያ ሌላም ነገር ይቀሰማል። ፊፋና ፒኢኤስ በዚያው ደካማ ፕሮሰሰር ባለው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በ60 ፍሬም ይሠሩ ነበር፤ ጂቲኤ 5 ግን በ30 ነበር። አንዱ ሜዳ፣ ሃያ ሁለት ተጫዋችና አንዲት ኳስ ነው፤ ሌላው ሙሉ ከተማ፣ መንገደኛና ትራፊክ ነው። ስለዚህ ጥምረቱ የሁለት ሳይሆን የሦስት ነው፤ ጨዋታው ራሱ ሦስተኛው ወገን ነው። “ይህ ፕሮሰሰር ለዚህ ካርድ ይመጥናል ወይ?” የሚለው ጥያቄ “ለየትኛው ጨዋታ?” የሚል ካልተከተለው መልስ የለውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች መመለስ ይቻላል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያሉት እነዚህ ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ኮምፒውተር የሚደርሳቸው ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ፣ በነጋዴ እጅ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ክፍለ ሀገር ተሻግሮ ነው። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2012 ምርት የሆነው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። በውስጡ በብዛት የሚገኘው ኮር አይ5-3470 የተባለው ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ 3.2 ጊጋኸርዝ ይሠራል፣ እስከ 77 ዋት ይወስዳል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ኤችዲ 2500 የተባለ ትንሽ የግራፊክስ ክፍል ብቻ አለው።

ይህን መሣሪያ ያየ ሰው “ያረጀ ነው፣ ለጨዋታ አይሆንም” ለማለት ይቸኩላል። ይሁን እንጂ ሮክስታር ጂቲኤ 5ን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ለግል ኮምፒውተር ሲያወጣ ተመራጭ ብሎ ባስቀመጠው ዝርዝር ላይ የተጻፈው የኢንቴል ፕሮሰሰር ይኸው ኮር አይ5-3470 ነበር። በሌላ አነጋገር በቢሮ ዕቃነት የሚሸጠው ኮምፒውተር ፈታይዋን በቤቱ ይዟል፤ የጎደለው ሸማኔው ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ገንዘብን አዲስ ፕሮሰሰር ፍለጋ ማዋል ፈትል በተከመረበት ቤት ሌላ ፈታይ መቅጠር ነው።

ታዲያ የትኛው ካርድ? በዚያው ዝርዝር ላይ ከፕሮሰሰሩ ጎን የተጻፈው ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ ይህ ካርድ 140 ዋት ይፈልጋል። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ጠባቡ ዓይነት ግን ፓወር ሰፕላዩ ከነአጠቃላዩ 240 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የለውም፤ ቅርጹ ከተለመደው የተለየ ስለሆነ በሌላ ለመተካትም ያስቸግራል። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ ሊሰጥ የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው። እንግዲህ ጥምረቱን የሚወስነው የፍሬም ሠንጠረዥ ከመነበቡ በፊት፣ በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ75 ዋት፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል፤ በአቅሙ ከጂቲኤክስ 660 አያንስም፤ ለጠባብ ኬዝ የሚሆን አጭር ዓይነትም አለው። 77 እና 75 ሲደመር 152 ዋት ነው፤ ለቀሪው ዕቃ ቦታ ይተርፋል። ለዚያ ፕሮሰሰር ሰላማዊ መቀናጆ የሚሆነው ይህን የመሰለ ካርድ እንጂ፣ 170 ዋት የሚጠይቀው አርቲኤክስ 3060 አይደለም።

“ስንት ጊጋ ነው?” የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከጂቲ 1030 በላይ የሚያሳይ የለም። ይህ አነስተኛ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 የተባለ ፈጣን ሚሞሪ ነበረው፤ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። በዓመቱ በዚያው ስም ዲዲአር4 ሚሞሪ ያለው ሌላ ካርድ ወጣ፤ የዚህኛው ከ17 ጊጋባይት በታች ነው። ሁለቱም ጂቲ 1030 ይባላሉ፤ ሁለቱም “ባለ 2 ጊጋ” ናቸው፤ በጨዋታ ላይ ግን ልዩነታቸው እጅግ ሰፊ ነው። ገዢው በጠየቀው ጥያቄ ልክ እውነት ተነግሮታል፤ የተነገረው እውነት ግን አልጠቀመውም።

አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ እነዚህ 4 መስመሮች በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋሉ፤ የመስመር ደረጃው በአንድ ትውልድ ወደ ኋላ በቀረው በ2012ቱ መሣሪያ ላይ ግን 4 ብቻ። የካርዱ የራሱ ሚሞሪ 4 ጊጋባይት በመሆኑ ሞልቶ በፈሰሰ ቁጥር በዚህች ጠባብ መንገድ ከዋናው ሚሞሪ መቅዳት ይገደዳል። ለአዲስ ኮምፒውተር የተሠራ ርካሽ ካርድ ለአሮጌ ኮምፒውተር ርካሽ ላይሆን ይችላል። (በላፕቶፕ ዘንድ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ካርዶች እንደ ላፕቶፑ ውፍረት የተለያየ ዋት ይመደብላቸዋል፤ ጉዳዩ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ከካርድ ግዢ በፊት መታየት ያለበት፣ ግን ከሁሉ የተረሳው ነገር ሚሞሪ ነው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በአንድ የሚሞሪ ዘንግ ነው። የ2012ቱ መሣሪያ በአንድ ዘንግ በሰከንድ እስከ 12.8 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ በሁለት እኩል ዘንጎች፣ በትክክለኛው ቀዳዳ ከገቡ፣ 25.6 ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የራሱ ሚሞሪ 112 ጊጋባይት ያመላልሳል። የተለየ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ከአንዲት ምንጭ የሚቀዱ ሁለት እንስራዎች ናቸው፤ ምንጯን በእጥፍ ማስፋት ሁለቱንም ይጠቅማል። ለካርድ ገንዘብ ያልሞላለት ሰው ሁለተኛዋን ዘንግ ገዝቶ ቀላል የሆኑትን ጨዋታዎች በደኅና ሁኔታ መጫወት ይችል ይሆናል። ሻጩ ይህን የማይናገረው በክፋት ላይሆን ይችላል። አንዲት ዘንግ የምታስገኘው ትርፍ እንደ ካርድ ወሬ የሚያስወራ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ መረጃ የሚፈልግ ወጣት የሚያገኘው በውጭ አገር የተሠሩ ልኬቶችን ነው። ልኬቶቹ ስሕተት አይደሉም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፕሮሰሰሮችን የሚያወዳድሩ ገምጋሚዎች እያንዳንዱን ፕሮሰሰር በጊዜው ከተገኘው እጅግ ብርቱ ካርድ ጋር አጣምረው፣ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርገው ይለካሉ፤ ዓላማቸው ካርዱ ገደብ እንዳይሆንና የፕሮሰሰሮቹ ልዩነት ነጥሮ እንዲወጣ ነው። ዘዴው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ሠንጠረዥ ያየ የሞጣ ገዢ የእርሱ ፕሮሰሰር ከአዲሱ በግማሽ ያንሳል ብሎ ይደመድማል፤ እርሱ በሚገዛው ባለ 75 ዋት ካርድና በ1920 በ1080 ስክሪን ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚሰጡት ፍሬም ተቀራራቢ ሊሆን እንደሚችል ሠንጠረዡ አይነግረውም። ከዚህ የባሰው የፕሮሰሰርና የካርድ ስም ሲሰጣቸው “ይህን ያህል በመቶ ይታነቃል” ብለው ቁጥር የሚተፉት ማስሊያዎች ናቸው። ጨዋታውን ሳይጠይቁ፣ የሥዕሉን ጥራት ሳያውቁ፣ የስክሪኑን የመታደስ ፍጥነት ሳይቆጥሩ የሚሰጡት መቶኛ ከጥንቆላ የሚለይበት ነገር የለም።

ከማስሊያው ይልቅ ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ አለ። ጨዋታው በ1920 በ1080 ሲሠራ የሚሰጠው ፍሬም ይመዘገባል፤ ከዚያ ጥራቱ ወደ 1280 በ720 ይወርዳል። የነጥቦቹ ቁጥር ወደ 921,600 ስለሚቀንስ የካርዱ ሸክም ከግማሽ በታች ይሆናል። ፍሬሙ በግልጽ ከጨመረ ገደቡ ካርዱ ነበር። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ ገደቡ ፕሮሰሰሩ ወይም ሚሞሪው ነው፤ ውድ ካርድ መግዛትም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ይህች ፍተሻ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ገንዘብ ሳይከፈል፣ በሩብ ሰዓት ልትጠናቀቅ ትችላለች።

አማካይ ቁጥር የሚሸሽገው ነገርም አለ። በአማካይ 60 ፍሬም የሚያሳይ ኮምፒውተር በየመሐሉ አንዱን ፍሬም በ100 ሚሊሰከንድ ሊያደርስ ይችላል፤ ተጫዋቹ የሚያስታውሰውና “ስታክ ያደርጋል” ብሎ የሚያማርረው ይህችን ቅጽበት ነው። እንዲህ ያለው መንገታገት ፕሮሰሰሩ ወይም ሚሞሪው ሲጨናነቅ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ኃይለኛ ካርድና ደካማ ፕሮሰሰር ያጣመረ ኮምፒውተር በወረቀት ላይ ደኅና አማካይ አስመዝግቦ በእጅ ላይ ግን ሊያናድድ ይችላል። በሰዓት ወይም በጨዋታ ለሚያስከፍል ቤት ይህ የገቢ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሐሳብ በተቃራኒ የሚቀርበው ብርቱ ክርክር የሚከተለው ነው፦ “ብርቱውን ካርድ ዛሬ መግዛት፣ ፕሮሰሰሩን ነገ መለወጥ ይሻላል፤ ካርዱ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይሻገራል፤ ብር ደግሞ ከዕለት ወደ ዕለት ይረክሳል።” የመጨረሻው ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘቡን በዕቃ የለወጠ ሰው ዋጋው ሲንር እንደማይጎዳ የየገበያው ሰው ያውቃል። ሆኖም በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ “ፕሮሰሰሩን ነገ መለወጥ” ማለት ፕሮሰሰር ብቻ መለወጥ አይደለም። አዲሱ ፕሮሰሰር አዲስ ማዘርቦርድ ይጠይቃል፤ ማዘርቦርዱ ሌላ ዓይነት ሚሞሪ ይጠይቃል፤ የድሮው ፓወር ሰፕላይና ኬዝም አይመጥኑትም። ነገ የሚገዛው ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ያ ነገ እስኪመጣ ድረስ ብርቱው ካርድ በግማሽ ጉልበቱ ተቀምጦ ያረጃል፤ ወይም ከነጭራሹ ኃይል አጥቶ አይነሣም። የሚቀጥለውን ኮምፒውተር የሚገዛበትን ገንዘብና ጊዜ በእርግጥ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ ያስኬዳል፤ ለሌላው ግን ቁማር ነው።

የቦታው ተፈጥሮም ከሒሳቡ ውጪ ሊሆን አይገባውም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የካርዱ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ስስ ነው። በአንጻሩ የደጋው አየር ቀዝቃዛ ነውና ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል። የትኛው ያመዝናል የሚለው በግምት የሚመለስ ሳይሆን በቴርሞሜትር የሚለካ ነገር ነው፤ በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲደፍነው ውጤቱ ሌላ እንደሚሆንም የታወቀ ነው። ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ በውጭ አገር ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው ፍሬምም በዚያው ይወርዳል።

መብራት ሲሄድም ዋት ትርጉም አለው። በአንድ ዩፒኤስ ላይ 150 ዋት የሚወስድ ጥምረት ሥራን ለማስቀመጥ የሚያስችል ደቂቃ ሲያገኝ፣ የእጥፉን የሚወስደው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ከዚህ ሌላ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ መቆየቱ በጨዋታ ምርጫ ላይም የራሱን አሻራ ማሳረፉ አይቀርም። ከ70 ጊጋባይት በላይ የሆነ ጨዋታ የሚገኘው በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ የካርዱ ድራይቨርም እንደዚያው። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠሩ፣ ዕድሜ ያላቸው ጨዋታዎች መመረጣቸው የ2012ቱን ፕሮሰሰር ዕድሜ ያራዝማል፤ ብርቱ ካርድ የሚያስፈልግበትን ምክንያትም ያሳንሳል።

ከላይ የተነገረው አብዛኛው በመጽሐፍ ያለና በስሌት የሚደረስበት ነው። የጎደለው በስፍራው የተደረገ ልኬት ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር አደረጃጀት ትምህርት የአምዳልን ሕግ ያስተምራል፤ ምሳሌዎቹን የሚወስደው ግን በአብዛኛው ከውጭ መማሪያ መጻሕፍት ነው። ተማሪው በሰፈሩ ሱቅ የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች ለክቶ ሕጉን እንዲፈትን የሚጠየቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለቱ ከተሞች ቅርብ ናቸው፤ የእያንዳንዱን ፍሬም የጊዜ ርዝመት የሚመዘግበው የኢንቴል ፕሬዘንትሞን በነጻ የሚገኝ ነው፤ የዋት መለኪያም ውድ ዕቃ አይደለም። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ፣ ከሴሚስተር የማያልፍ ሥራ ነው፦ በገበያው በብዛት የሚገኙ አምስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ ከ75 ዋት የማይበልጡ ሦስት ካርዶች፣ በአንድና በሁለት የሚሞሪ ዘንግ፣ በሁለት የሥዕል ጥራት፣ በከተማው በሚዘወተሩ ጥቂት ጨዋታዎች፤ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የዘገዩት ፍሬሞችም ተመዝግበው፣ ሙቀቱና ዋቱ ከጎን ተጽፎ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለዲግሪ ይቀልላል የሚሉ መምህራን ይኖራሉ፤ ነገር ግን በማስመሰያ ፕሮግራም ብቻ የተሠሩና ከመደርደሪያ የማይወርዱ ጥናቶች ከዚህ የሚከብዱበት ሚዛን ግልጽ አይደለም።

ውጤቱ በአማርኛ ሠንጠረዥ ሆኖ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የመጀመሪያው ረድፍ ከወዲሁ ይታወቃል፦ ኮር አይ5-3470፣ አንድ ባለ 4 ጊጋ የሚሞሪ ዘንግ፣ ካርድ የለም፣ ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት፣ ስክሪን 60 ኸርዝ፣ ከፍታ 2,500 ሜትር። ከጎኑ ያለው የፍሬም ዓምድ እስካሁን ባዶ ነው።